ሰርቮ ይኑረው አይኑረው? በቤት ለሚገጠም የስፖርት መኪና የፍሬንና የጥገና መግቢያ ምርጫ

በቤት የተገጠመች የስፖርት መኪና መጀመሪያ የሚነዳ ሰው ሁሉ የሚላት አንድ ነገር አለች። «ይሄ ነገር ፍሬን የለውም እንዴ?» ፍሬንስ አለው። እግሩን አሳርፎበት ነው እንጂ ገና አልረገጠውም። የዛሬ መኪና አስንፎናል፤ ፔዳሉን በአውራ ጣት ነካ ሲያደርጉት ቀጥ ይላል። እዚህ ግን ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ከጭን ጀምሮ መርገጥ ነው።

የማወራው በቤት ስለሚገጠሙት ትንንሽ የስፖርት መኪኖች ነው፤ ሻንሲው፣ ላሜራው፣ ሞተሩ፣ ቱቦው በካርቶን በካርቶን መጥቶ ጋራዥ ውስጥ ራሳችሁ የምትገጥሟቸው። ያለሁት እንግሊዝ አገር ነው፣ የዚህ ሥራ ዋና አገርም እዚሁ ነው። አንዷን በሦስት ክረምት ቅዳሜና እሁድ ገጥሜ ጨርሻለሁ፤ ሁለተኛዋን ከአንድ ወዳጄ ጋር ጀምረናል። በመጀመሪያዋ ያጠፋሁትን በሁለተኛዋ እንዳልደግም ብዬ ያወዳደርኩትን ነው የምጽፍላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

የሁሉም እናት ሎተስ ሰቨን ናት። የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን በ1957 አወጣት። ያኔ እንግሊዝ አገር ተገጥማ ባለቀች አዲስ መኪና ላይ የግዢ ታክስ ነበር፤ ዕቃውን ገዝቶ ራሱ ለሚገጥም ግን የለም። ሰዉ ታክስ ለማምለጥ ሲል መካኒክ ሆነ። በ1973 ቫት ሲመጣ ያ ጥቅም ቀረ፣ በዚያው ዓመት ኬተርሃም የሚባል ኩባንያ የሰቨንን መብት ከሎተስ ገዛ፣ እስከ ዛሬም ይሠራታል። ቅርጿን የተከተሉ ብዙ ናቸው። ሎኮስት የሚባሉት ደግሞ ሻንሲውን ሳይቀር ከካሬ ብረት ራሳችሁ በየዳችሁ የምትሠሯቸው ናቸው፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ፍሬኑ ከአሮጌ መኪና ይነቀላል፤ ድሮ ከፎርድ ኤስኮርት፣ ከዚያ ከፎርድ ሲየራ፣ አሁን አሁን ከማዝዳ ኤምኤክስ-5።

ክብደታቸውን ልብ በሉልኝ። አብዛኞቹ ከ500 እስከ 650 ኪሎ ናቸው። ኬተርሃም 170 የምትባለዋ ቀላሏ ደግሞ ወደ 440 ኪሎ ናት፤ የሰፈራችሁ ኮሮላ ከእጥፏ በላይ ትመዝናለች። የፍሬኑ ወሬ ሁሉ ከዚህ ቁጥር ነው የሚጀምረው።

ሰርቮ ምን ያደርጋል?

የማንኛውንም የቤት መኪና ኮፈኖ ክፈቱ። ከሾፌሩ ፊት ለፊት ጥቁር ክብ ቆርቆሮ አለች፣ ከፊቷ ላይ የፍሬን ማስተሩ (ፔዳሉ ሲገፋው ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚልከው ሲሊንደር) ተሰክቶባታል። እሷ ናት ሰርቮ። ውስጧ የላስቲክ ሽፋን አለ። በአንዱ በኩል ያለውን አየር ሞተሩ ይመጠዋል፣ በሌላው በኩል የውጭው አየር ይገፋዋል፣ ያ ግፊት እግራችሁን ያግዛል። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ሰርቮ ባሕር ዳርቻ ላይ ወደ 200 ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት ልትጨምር ትችላለች። እግራችሁ 20 እና 30 ኪሎ ሲያዋጣ እሷ 200። ሲነቀል ፔዳሉ ለምን ድንጋይ እንደሚሆን ከዚህ ይገባችኋል።

እዚህ ላይ ለአገራችን ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የሚያግዘው የውጭው አየር ነው ብያለሁ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ ስለዚህ ያቺው ሰርቮ አዲስ አበባ ላይ ከሩብ የማያንስ ጉልበቷን ታጣለች። የማናስተውለው ፋብሪካው ትርፍ ጉልበት ስለሚሰጣት ነው። ሰርቮ የሌለው ፍሬን ግን ደብረ ብርሃንም ወጣ አዋሽ በረሃም ወረደ ለእግር ያው ነው።

ደግሞስ ሰርቮ የሌለው ፍሬን ለእኛ መች እንግዳ ሆነ? ቮልስ የነዳ ያውቀዋል። አባቴ አንዲት ቮልስ ነበረችው፤ አራቱም እግሯ ታምቡር፣ ሰርቮ የሚባል ነገር በአጠገቧ ያላለፈ። ቁልቁለት ላይ ሲይዛት ከመቀመጫው ከፍ ይል ነበር፤ እኛ ልጆቹ ከኋላ ሆነን አብረነው ወለሉን እንረግጣለን። ያች መኪና 800 ኪሎ አካባቢ ነበረች፣ እነዚህ ደግሞ ከሷም ይቀላሉ። የድህነት ምልክት እንዳይመስላችሁም፦ በ1987 የወጣው ፌራሪ ኤፍ40 ሰርቮ የለውም፣ ማክላረን ኤፍ1ም የለውም። እነሱ ገንዘብ አጥሯቸው አልተዉትም።

እንግዲህ ምርጫው

አንደኛው መንገድ ከአሮጌው መኪና የነቀላችሁትን ሰርቮ ከነማስተሩ እንዳለ መትከል ነው። ቀላል ይመስላል፤ ዕቃው እጃችሁ ላይ ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ ቦታ። የሰቨን አይነት መኪና አፍንጫዋ ጠባብ ነው፤ ያቺ ጥቁር ቆርቆሮ ስትገባ የመሪው ዘንግ ወይ የጭስ ቧንቧው ቦታ ያጣል፣ ባይጣላ እንኳ ከጀርባዋ ያለውን ዳዶ ለመፍታት ክንዳችሁ ሌላ መገጣጠሚያ ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ለ1,100 ኪሎ መኪና የተሠራ እገዛ 600 ኪሎ ላይ ሲያርፍ ይበዛል። እርጥብ መንገድ ላይ ነካ ስታደርጉት ጎማው ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። እነዚህ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ኤቢኤስ (ጎማው ቀጥ እንዳይል ፍሬኑን በራሱ የሚያላላው) የላቸውም፣ ስለዚህ ኤቢኤሱ እግራችሁ ነው፤ እግር ደግሞ ማስተዋል የሚችለው የሚቃወመው ነገር ሲኖር ነው።

ሦስተኛም ልጨምር፤ ሞተሩ። የሞተር ሳይክል ሞተር የገጠማችሁ እንደሆነ፣ ወይም ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ የአየር በር ያለው ከሆነ፣ የሚመጠው አየር ደካማና የሚቆራረጥ ነው። ሰርቮዋ አንዳንዴ ታግዛለች፣ አንዳንዴ ትረሳለች። አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ የሚሆን ፍሬን ሁልጊዜ ከሚከብድ ፍሬን በጣም የከፋ ነው።

ታዲያ ሰርቮ መቼ ይሁን? መኪናዋ ከባድ ስትሆን። የኤሲ ኮብራ ቅጂ በትልቅ ቪ8 ሞተር እየገጠማችሁ ከሆነ ክብደቷ በቀላሉ ከ1,000 ኪሎ ያልፋል፣ ሰርቮ ብትተክሉ የሚስቅባችሁ የለም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው የሚነዳት ከሆነም እንዲሁ። ወዳጄ ይህን ሲሰማ «እኔም ያመኛል» አለ፤ እሱን የሚያመው ስንፍና ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሰርቮ የሌለው አንድ ማስተር ነው፤ ውስጡ ሁለት ፒስተን በተከታታይ ያለው፣ አንዱ ለፊት ጎማ አንዱ ለኋላ። ታንደም ይባላል። አንዱ መስመር ቢበጠስ ሌላው ይቀራል። ኬተርሃም ለመንገድ መኪኖቿ የምትጠቀመው ይህን ነው። ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ የሚስተካከል ነገር የለውም፣ ያም ማለት የሚበላሽ ማስተካከያ የለውም። ለመንገድ ለሚነዳ ሰው የእኔ ምርጫ ይሄ ነው፤ ከአሁኑ ልናገር።

ሦስተኛው የውድድር ሰዎች የሚወዱት ነው፦ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ማስተሮች፣ በመሃላቸው የሚዛን ዘንግ። ዘንጉን ወደ አንዱ ስታጠጉት ያኛው መስመር የበለጠ ጫና ያገኛል። ስለዚህ የፊቱንና የኋላውን ፍሬን ድርሻ በልካችሁ ታወጣላችሁ። ያምራል። ግን እንግሊዝ አገር ለመንገድ ሲፈቀድ አይቪኤ የሚባል ምርመራ አለ፤ ከ2009 ጀምሮ የቀድሞውን ተክቶ የሚሠራ። በዚያ ምርመራ የፊት ጎማ ከኋላው ቀድሞ መያዝ አለበት፣ ምክንያቱም የኋላው ከቀደመ መኪናዋ ጀርባዋን ወደፊት አዙራ ነው የምትቆመው፤ ሚዛን ዘንጉም ከተስተካከለ በኋላ ማንም እየነዳ እንዳይነካው መቆለፍ አለበት። እንግዲህ ለማስተካከል ብላችሁ ገዝታችሁ ቆልፋችሁ ትነዳላችሁ። የሩጫ ሜዳ የማትሄዱ ከሆነ ምን አስቸኮላችሁ?

ስለ ሚዛን ዘንግ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፣ እኔም ስቼው ነበር። ታንደም ላይ የእግራችሁ ጉልበት ሙሉው ለሁለቱም መስመር ይደርሳል፣ ፒስተኖቹ ተከታትለው ስለተቀመጡ። ሚዛን ዘንግ ላይ ግን ጉልበቱ ለሁለት ይከፈላል። 15.9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ማስተሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ ለእግር የሚከብዱት እንደ አንድ 22.2 ሚሊ ሜትር ታንደም ያህል ነው። «ትንንሽ ማስተር ገዝቻለሁ፣ ለምን ደነደነብኝ?» የሚል ሰው ስታገኙ መልሱ እዚህ ነው ያለው። በዚህ መንገድ የሚሄዱ ሰዎች የፔዳሉን ርዝመት ስድስት ለአንድ አካባቢ (አለካኩ ከታች አለ) የሚያደርጉትም ለዚሁ ነው።

አራተኛ መንገድም አለ፤ በቱቦ መሃል የሚገባ፣ ከማስተሩ ርቆ የሚቀመጥ ሰርቮ። ቦታ ሲጠፋ ይረዳል። ለሁለት መስመር ፍሬን ግን ወይ ሁለት ሰርቮ ይገባል ወይ አንዱ መስመር ብቻ ይታገዛል፤ ቱቦውም መገጣጠሚያውም ይበዛል፣ የሚያፈሰው ቦታም አብሮ ይበዛል። አልወደውም። ማለፍ ነው።

አሁን ወደ ውርደቴ

መጀመሪያ መኪናዬ ላይ ከአሮጌው መኪና የነቀልኩትን 22.2 ሚሊ ሜትር ማስተር ሰርቮውን ጥዬ በቀጥታ ፔዳሉ ላይ ገጠምኩት። ማስተር ማስተር ነው ብዬ። የመጀመሪያ ቀን ከጋራዡ ወጥቼ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄድኩና ረገጥኩ። ግንብ ነው የረገጥኩት። መኪናዋ ቆመች፣ ግን ስትፈልግ።

ሒሳቡን ቆይቼ ሠራሁት፤ ቀድሜ መሥራት የነበረብኝን። እናንተ ቀድማችሁ ሥሩት። ፔዳሉ ከማጠፊያው እስከ መርገጫው ያለውን ርዝመት ለኩ፣ ከማጠፊያው እስከ መግፊያው ዘንግ ያለውንም ለኩ፣ አካፍሉ። የእኔ አምስት ለአንድ ነው። በ30 ኪሎ ብረግጥ ማስተሩ ላይ 150 ኪሎ ይደርሳል። ይህን ለማስተሩ ስፋት ስታካፍሉት ለ22.2 ሚሊ ሜትሩ በስኩዌር ሳንቲ ሜትር 39 ኪሎ ገደማ ይወጣል። ለ17.8 ሚሊ ሜትር 60። ለ15.9 ሚሊ ሜትር 76። በአንድ እግር፣ በአንድ ፔዳል። ከሰርቮ ጋር የተሠራ ማስተር ሆን ተብሎ ወፍራም ነው፤ ጉልበቱን ሰርቮ ስለሚሰጥ ወፍራሙ ማስተር የፔዳሉን ጉዞ አጭር ያደርገዋል። ሰርቮውን ስትነቅሉ ወፍራሙ ማስተር ብቻውን ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

«እንግዲያው ከሁሉ ቀጭኑን» እንዳትሉ። ቀጭን ማስተር ተመሳሳይ ዘይት ለመግፋት ረጅም መንገድ ይሄዳል። ከ22.2 ወደ 17.8 ስወርድ የፔዳሉ ጉዞ ከግማሽ በላይ ጨመረ። በጣም ካቀጠናችሁት ፔዳሉ ወለል ሳይደርስ ፍሬኑ አይዝም፣ ያ ደግሞ ከከባዱ ይብሳል። ለማነጻጸሪያ፦ በአውሮፓ ደንብ የግል መኪና ፍሬን ሲፈተን እግር የሚጫነው ቢበዛ 500 ኒውተን፣ 50 ኪሎ ገደማ ነው። በደህና ጫማ፣ ቀበቶ ታጥቃችሁ፣ ጀርባችሁን መቀመጫው ላይ ደግፋችሁ 50 ኪሎ መርገጥ ከባድ አይደለም። በ25 ወይ 30 ኪሎ ጥሩ አድርጎ የሚይዝ ፍሬን ካገኛችሁ አትነካኩት።

እስካሁን ያልኩት የቁጥር ጉዳይ ነው። ያጠፋኝ ቁጥሩ ብቻ አልነበረም። ማስተሩን ለመለወጥ ብሎኖቹ ሁለት ናቸው፣ ቱቦዎቹ ሁለት። የአንድ ሰዓት ሥራ። ግን ያ ማስተር የተቀመጠው ከዳሽቦርዱ ፊት ባለው ላሜራ ሥር ነበር፤ ያንን ላሜራ ደግሞ እንዲያምር ብዬ ዙሪያውን በሪቬት መትቼዋለሁ። 26 ሪቬት። አንድ በአንድ በትራፓኖ በሳሁት። ብናኙ ፔዳሉ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ሸሚዜ ውስጥ። ማስተሩን ለወጥኩ፣ ላሜራውን መልሼ በ26 ሪቬት መታሁ፣ ደስ ብሎኝ ሻይ ጠጣሁ። በማግስቱ ወለሉ ላይ የፍሬን ዘይት ጠብታ። አንዱ መገጣጠሚያ ያፈሳል፤ የአንዱ ዕቃ ጥርስ በሚሊ ሜትር የሌላው በኢንች ሆኖ ሁለት ዙር ገባ ብሎ የያዘ መስሎኝ ነበር። እንደገና ትራፓኖ። ሁለት ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ሦስት ቅዳሜ በላኝ፣ ሲያልቅ ላሜራው ወንፊት መስሏል።

ከዚያ ወዲህ ሰው «የቱን ፍሬን ልግዛ?» ሲለኝ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነው፦ ማስተሩ የት ይቀመጣል፣ እጅህስ ይገባል?

እጅ የሚገባበት

የቮልስ መካኒኮች ይህን ያውቁ ነበር። ያቺ መኪና ሞተሯ የተያዘው በአራት ብሎን ነው፤ ሞተር ማውረድ የቀትር በፊት ሥራ ነበር። የፍሬን ማስተሯም የፊት ግራ ጎማዋን ፈትቶ እጅ ሲገባ ይገኛል። የተሠራችው እንድትጠገን ተብሎ ነው። በቤት የሚገጠም መኪና ግን የሚሠራው አንድ ቀን እንዲያልቅ ነው፤ ገጣሚው ማለቋን እንጂ መፈታቷን አያስብም። ሞተሩ ገብቶ፣ ቀለሙ ደርቆ፣ ፎቶ ተነስቶ ካበቃ በኋላ ነው ፊልትሮው ከሻንሲው ቱቦ ጀርባ መሆኑ የሚታወቀው።

ስለዚህ ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት፣ ወይም ግማሽ የተገጠመ ከሌላ ሰው ስትገዙ (ብዙ ነው፣ ሚስት ያረገዘችበት፣ ቤት የለወጠ፣ የሰለቸው)፣ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ እነዚህን እዩ።

መጀመሪያ የፔዳሉን ክዳን። ከላይ በብሎን የሚከፈት ክዳን ካለው ትልቅ ነገር ነው፤ ከሌለው ማስተሩን የምትጠግኑት ራሳችሁን መቀመጫው ላይ ዘቅዝቃችሁ፣ እግራችሁን ወደ ሰማይ ሰቅላችሁ ነው። ቀልድ አይደለም፣ የጎረቤት ልጅ አይቶኝ እናቱን ጠርቷል። የዘይቱ ዕቃም ኮፈኖው ሲነሳ ከላይ መታየት አለበት፤ ከጭስ ቧንቧውም ይራቅ፣ የፈሰሰ የፍሬን ዘይት ትኩስ ብረት ላይ ሲያርፍ እሳት ሊነሳ ይችላል፣ ቀለም ላይ ሲያርፍ ደግሞ ቀለሙን ይልጠዋል።

ቀጥሎ በመቀመጫዎቹ መሃል የሚያልፈው ዋሻ፣ የካርዳኑ ዘንግ ያለበት። ብዙዎቹ መኪኖች ላይ የእጅ ፍሬኑ ገመድም፣ ወደ ኋላ የሚሄደው የፍሬን ቱቦም እዚያው ውስጥ ያልፋሉ። የላዩ ክዳን በብሎን ከሆነ በአሥር ደቂቃ ታያላችሁ። ሪቬት ከሆነ ማንም አያየውም፤ ማንም ያላየው ቱቦ ደግሞ ከካርዳኑ ጋር ሲፋተግ ይከርማል።

ፍሪሲዮኑን አትርሱ። ገመድ ያለው፣ ወይም ሲሊንደሩ ከካምቢዮው ውጭ የተንጠለጠለ ከሆነ ቢበላሽ ከሥር ገብታችሁ ትለውጣላችሁ። አንዳንዱ ግን ሲሊንደሩ ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት ቤት ውስጥ፣ በዘንጉ ዙሪያ ነው። ሲሠራ ለስላሳ ነው፣ አልነቅፈውም። ላስቲኩ ሲያፈስ ግን ሞተር ይወርዳል። በሰቨን አይነት መኪና ደግሞ ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር አንድ ላይ ከላይ ነው የሚወጣው፤ ማንሻ መኪና ተከራዩ፣ ራዲያተር ፍቱ፣ ውኃ አፍስሱ። ለአንዲት ላስቲክ። እኔ ብሆን ውጭ የሚንጠለጠለውን እመርጣለሁ፣ ምንም ቢከብድ።

የካሊፐሮቹ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫኑት) አየር ማስወጫ ኒፕል ወደ ላይ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ። የግራውና የቀኙ ሲቀያየሩ ብሎናቸው ብዙ ጊዜ እኩል ይገባል፤ ኒፕሉ ግን ከታች ይሆናል፣ አየሩ ከላይ ተቀምጦ ይስቅባችኋል። ሁለት ሊትር ዘይት አፍስሼ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ አልጠነክርም ሲለኝ ነው ዝቅ ብዬ ያየሁት። ሰርቮ ባለው መኪና ላይ ትንሽ አየር ሊሸፈን ይችላል፤ እዚህ እያንዳንዷ አረፋ እግር ላይ ትቆጠራለች። ላስቲክ ቱቦውን ሽቦ በተጠለፈበት ቱቦ መለወጥም የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው፣ ቱቦው በጫና ስለማይነፋ።

አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ነገርም አለች። መግፊያው ዘንግ ከማስተሩ ፒስተን ጋር ሲገናኝ እግር ሳይነካው ትንሽ ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ከሌለው ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ዘይቱ ወደ ዕቃው መመለሻ ያጣል፣ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ፍሬኑም ሳትረግጡት ራሱ ይይዛል። መጀመሪያ «ዛሬ መኪናዋ ከበደችኝ» ትላላችሁ፤ ከዚያ ሽታው ይመጣል። ይህችን ክፍተት የምታስተካክል ዳዶ አለች፤ ቁልፍ የሚደርስባት መሆኗን ከመግጠማችሁ በፊት ሞክሩ እንጂ በኋላ አይደለም።

ሸራና ዘይት

ሰርቮ የሌለው መኪና ላይ የፍሬን ሸራ ምርጫ ከማስተሩ ቀጥሎ ያለው ነገር ነው። የውድድር ሸራ አትግዙ። እሱ ሲግል ነው የሚይዘው፤ ጠዋት ከቤት ስትወጡ፣ በዝናብ፣ እንደ እንጨት ይንሸራተታል፣ የሚያግዛችሁ ሰርቮ ደግሞ የለም። ቀላል መኪና ፍሬኑን ለማጋል ራሱ ይቸገራል። ብርድ ላይ የሚይዝ ይሁን፤ ሚንቴክስ ኤም1144 በእነዚህ መኪኖች ሰዎች ዘንድ የቆየ ስም ነው፣ እኔም እሱ ነው ያለኝ። ካስገባችሁ በኋላ ከ80 ወደ 30 ኪሎ ሜትር እያወረዳችሁ ደጋግማችሁ አሟሹት፣ ዲስኩና ሸራው እስኪላመዱ። ከዚያ በፊት አትፍረዱበት።

ዘይቱ ዶት 4 ይበቃል። አዲሱ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል፣ ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ነው። ዓባይ በረሃ በጎሃ ጽዮን በኩል የወረደ ሰው ፍሬን ሲግል ምን እንደሚመጣ ያውቃል፤ ፔዳሉ በድንገት ባዶ ይሆናል። «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ምንም የተበጠሰ ነገር ሳይኖር የፈላ ዘይት ነው። ዶት 5.1 ይሻላል፣ ከዶት 4 ጋርም ይስማማል። ዶት 5 ግን፣ ያለ ነጥብ አንድ፣ ሲሊኮን ነው፤ ከሁለቱም ጋር አይደባለቅም። ስሙን ያወጣላቸው ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ።

ማን የቱን ይያዝ?

መንገድ ላይ፣ በጥሩ ቀን፣ ለመዝናናት የምትነዱ ከሆነ፣ መኪናዋም ከ700 ኪሎ በታች ከሆነች፦ ታንደም፣ ሰርቮ የሌለው፣ ከ17 እስከ 19 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ፔዳሉ አምስት ለአንድ ገደማ። ትክክለኛው ልክ በካሊፐራችሁ ፒስተን ስፋትም ይወሰናል፤ ትልቅ ካሊፐር ብዙ ዘይት ይፈልጋል፣ ስለዚህ «ትልቅ ፍሬን ይሻላል» ብላችሁ የከባድ መኪና ካሊፐር አትስቀሉ። ሩጫ ሜዳ በዓመት ብዙ ጊዜ የምትወርዱ ከሆነ ሚዛን ዘንጉ ዋጋውን ይመልሳል፤ ግን ሁለቱም ማስተሮች ያለ ትራፓኖ የሚወጡበት መንገድ መጀመሪያ ይሠራ። ከባዱን መኪና የምትገጥሙ፣ ሰርቮውን ትከሉ፣ ከጀርባዋ ያሉትን አራት ዳዶዎች ግን ከውስጥ በኩል በቁልፍ ድረሱባቸው፣ በባዶ ሻንሲ ላይ እንጂ ሞተር ከገባ በኋላ አይሆንም።

ሁለት ዕቃ መሃል ቆማችሁ ካመነታችሁ፣ አንዱ በጣም ጥሩ ሆኖ እጅ የማይገባበት፣ ሌላው ደህና ሆኖ ከላይ የሚታይ ከሆነ፣ እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ነው የምወስደው። የመጀመሪያውን የሚመርጥ ሰው መካኒክ የሚከፍልለት ሰው አለ ማለት ነው።

አገር ቤት ሊወስዳት ያሰበ ካለ ደግሞ ሐሳቡን ያሳድር፤ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሄድ የግል መኪና ማስገባት ከልክላለች። ባይከለከልም ሆዷ ከመሬት ያላት ርቀት የአንድ እጅ ስንዝር አይሞላም፣ የሰፈራችንን ጉብታ አንዱንም አታልፍ።

ሁለተኛዋ መኪና አሁን ሻንሲ ላይ ናት። የፔዳል ክዳኗ በስድስት ብሎን ይያዛል፣ ሁሉም አንድ ቁጥር፣ 8፤ ዳዶዎቹም ላሜራው ላይ ተተክለው የቀሩ ስለሆኑ ከሥር የሚይዝ ሰው አያስፈልግም። ባለፈው ቅዳሜ ወዳጄ በሰዓት ያዘልኝ። ክዳኑን ከፍቼ ማስተሩን እስካወጣው 18 ደቂቃ። እሱ «ዘይት የለበትም እኮ፣ ማጭበርበር ነው» ይላል። ዘይት ሲገባ እንደግመዋለን።